ማንም ያላነበበው ውል

ዶክተር ዓለምነው ገሰሰ በክሊኒኩ ጓሮ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ግርጌ፣ በደረቱ ተደፍቶ የተገኘው ዓርብ ጠዋት ነው። ኢንስፔክተር ደሳለች ለሌላ ጉዳይ ከሄደችበት ከእብናት ተመልሳ ደብረ ታቦር ስትደርስ ሳጅን ሞላ ሥራውን ጨርሶ፣ ተጠርጣሪ አስሮ፣ ቁርሱን እየበላ ነበር።

«አለቀ እኮ፣ ኢንስፔክተር» አላት ከወንበሩ እየተነሳ። «ጸሐፊዋ ትዝታ ናት። ትናንት ማታ ከሟች ጋር ተጣልታለች፤ ዘበኛው ጩኸታቸውን ሰምቷል። ቃሏን ሰጥታ ፈርማለች። ከሰዓት ፍርድ ቤት እናቀርባታለን።»

ደሳለች ወረቀቱን ተቀበለችው። «በመካከላችን ጠብ ተነስቶ ደረጃው ላይ ተገፈታተርን። ሲወድቅ ትቼው ሄድኩ» ይላል። ከሥሩ የትዝታ ፊርማ አለበት። የሞላ የእጅ ጽሑፍ ሲያምር ለጉድ ነው። ችግሩ ሰው የነገረውን ትቶ ለእሱ የመሰለውን መጻፉ ነው።

ትዝታን በማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ተገፈታትረናል ብለሻል?»

«ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«ፈርመሽበታል እኮ።»

«እዚህ ጋ ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። ምን እንደተጻፈበት አላየሁም።»

ደሳለች ጥርሷን ነከሰች። ሰውን ማሰር ቀላል ነው፤ ፊርማን ማስፈታት ግን መከራ ነው። የጣቢያው አዛዥም ቁርጡን ነግሯታል፤ እስከ ከሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣች ልጅቷ በፈረመችው ቃል በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች።

«ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

«በወጪ ቁጥር። ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም ምቺበት አለኝ። ወጪ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ላይ አልመታም አልኩት። እሱም ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ኋላ ቁጥር ሰጥቼ መታሁለትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«የምን ደብዳቤ ነው?»

«የኮምፒዩተሩን ውል የሚያፈርስ። የበሽተኞቹ ካርድ በሙሉ ከአዲስ አበባ ድርጅት በተከራየነው ሲስተም ውስጥ ነው ያለው። ‹ነገ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ካመለጠን አምስት ዓመት ታሰርን› ይል ነበር።»

አሁን ታዲያ የታሰረችው እሷ ናት።

ደሳለች ሞላን አስከትላ ወደ ክሊኒኩ ወጣች። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ደረጃውን አጥቦታል። ሬሳው ገና አልተነሳም። ጎንበስ ብላ አየችው። ሰውየው በደረቱ ተደፍቷል፤ የተፈነከተው ግን ማጅራቱ ላይ ነው። መዳፉ አልተላጠም። የእጅ ሰዓቱ እጁ ላይ፣ የገንዘብ ቦርሳው ደረት ኪሱ ውስጥ አለ። የሱሪው የኋላ ኪስ ግን ወደ ውጭ ተገልብጧል።

«ስልኩስ?»

«አላገኘነውም» አለ ሞላ። «ወድቆ ይሆናል።»

«ስልክ ኪስ ገልብጦ አይወድቅም፣ ሞላ።»

ቢሮው ውስጥ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክቡ ሰማያዊ ማኅተም ደምቆ ታትሞበታል። በሩ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነበር። ደሳለች ደብዳቤውን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ይህን ውል እንዳይፈርስ ብሎ ሰው ከገደለ፣ ደብዳቤውን ለምን እዚህ ተወው? ጥያቄው እንደ እሾህ ተሰካባት።

ዘበኛው ጋሽ ዘውዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማታ ውስጥ የነበሩት እነማን ናቸው፣ ጋሼ?»

«ከዶክተር ዓለምነው ሌላ ሦስት ናቸው፣ ልጄ። ትዝታ ቀድማ ወጣች። ሒሳብ ሹሙ አንዱአምላክና ዶክተር ይሻው ኋላ ወጡ። በዚያ ዝናብ ማን ቀደመ፣ ማን ተከተለ አላስታውስም። ዶክተር ዓለምነው ብዙ ጊዜ እዚሁ ያድሩ ስለነበር ነገሬም አላልኩ።»

«ሲወጡ ፈተሿቸው?»

«መድኃኒት ከተሰረቀ ወዲህ ሐኪምም ቢሆን ሳልፈትሽ አላወጣም። ኪሳቸውንም ቦርሳቸውንም አይቻለሁ።»

«የዶክተር ዓለምነውን ስልክ ቢያዩት ያውቁታል?»

«የመድኃኔ ዓለም ሥዕል የተለጠፈበት ነው። እንዴት አላውቀው?»

ከዚያ ደሳለች ውሉን አስመጣች። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሦስት ፊርማ ያረፈበት ድርሳን የሚያህል ወረቀት ነው። ከፈረሙት አንዱ ሞቷል፤ የቀሩት አንዱአምላክና የክሊኒኩ ሸሪክ ዶክተር ይሻው ናቸው። መጀመሪያ አንዱአምላክን ጠየቀችው።

«አንብበኸዋል?»

«ዋጋውን አይቻለሁ።» ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «የቀረውን… ዶክተሮቹ ስለፈረሙ ፈረምኩ።»

ዶክተር ይሻው ረጋ ያለ ሰው ነው። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ።

«እውነቱን ልንገርዎት፣ ኢንስፔክተር። እኔ የራጅ ሰው ነኝ። ዓለምነው ስለፈረመ ፈረምኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝባዝንኬ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል?»

ከኋላው መደርደሪያው ላይ ያሉት ወፋፍራም መጻሕፍት ሁሉ እንግሊዝኛ ነበሩ።

ብቻዋን ስትቀር ማንበብ ጀመረች። የሕግ ትምህርቷን በማታ ስትማር ብዙ አሰልቺ ነገር አንብባለች፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማትም። አንዱ አንቀጽ ዋጋውን ድርጅቱ በፈለገው ጊዜ መጨመር ይችላል ይላል። ሌላው ሲስተሙ ቢቆም ድርጅቱ አይጠየቅም ይላል። ሌላው ደግሞ ደንበኛው ካላቋረጠ ውሉ ራሱን በራሱ ለአምስት ዓመት ያድሳል ይላል። በየገጹ እየተናደደች ገለጠች። እንዲህ ያለ ነገር ፈርሞ ቤቱ ገብቶ የሚተኛ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ወደ መጨረሻው ግን ሁለት አንቀጾች ላይ ቆመች። ደጋግማ አነበበቻቸው። ደብዳቤውን አየችው። ከዚያ ውሉን አጥፋ ተነሳች።

አንዱአምላክንና ይሻውን ለየብቻቸው ጠርታ አንድ ዓይነት ወሬ ነገረቻቸው። «የሟችን ደብዳቤ አሁኑኑ ባሕር ዳር ላለው የድርጅቱ ቅርንጫፍ ልንልከው ነው። ውሉ ዛሬ ይፈርሳል።»

ዶክተር ይሻው ራሱን ነቀነቀ። «የሟች ኑዛዜ ማለት እኮ ነው። በኔ መኪና ይሂድ፤ ነዳጅ ሞልቻለሁ።»

አንዱአምላክ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ጥቂት ቆይቶ ሞላ ክንዱን ጨምድዶ አመጣው፤ ደብዳቤውን ሸሚዙ ሥር ደብቆ ሲወጣ ይዞታል።

«አገኘነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሞላ ደስ ብሎት። «ገዳዩ ይኸው።»

«ጠዋትም አግኝተኸው ነበር» አለችው። «ሂድና ትዝታን አምጣት። የሟችን ባለቤትም ጥራልኝ።»

በሽተኞች በሚጠባበቁበት ክፍል ተሰበሰቡ። ጥሩወርቅ፣ የሟች ሚስት፣ ጥቁር ለብሳ በአንድ ጥግ ተቀመጠች። ትዝታ በፖሊሶች መካከል፣ ጋሽ ዘውዱ በሩ ላይ፣ አንዱአምላክና ይሻው ፊት ለፊት ሆኑ።

«ዶክተር ዓለምነው አደናቅፎት አልሞተም» አለች ደሳለች። «በጀርባው ወድቆ ማጅራቱ ተፈነከተ። የተገኘው ግን በደረቱ ነው። ከወደቀ በኋላ ሰው ገልብጦታል። የገለበጠውም ከኋላ ኪሱ ስልኩን ሊወስድ ነው። ገንዘቡንና ሰዓቱን አልነካም። የትዝታ ቃል ደግሞ ‹ሲወድቅ ትቼው ሄድኩ› ነው የሚለው። ትታው ከሄደች ማን ገለበጠው?»

ሞላ ጫማውን ተመለከተ።

«ዛሬ ይህ ውል የሚቋረጥበት የመጨረሻ ቀን ነው። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሲላክ ውል ይፈርሳል ብላችሁ ታምናላችሁ። ዓለምነውም እስከ ትናንት እንዲያ ሳይመስለው አይቀርም። ውሉ ግን ሌላ ነው የሚለው። ማቋረጥ የሚቻለው በክሊኒኩ በኩል የሲስተሙ ኃላፊ ተብሎ ከተመዘገበው ሰው ስልክ ብቻ ነው፤ ወረቀት ከነማኅተሙም ቢሆን አይቀበሉም። የኃላፊው ስልክ የዓለምነው ስልክ ነው።»



«ስለዚህ ገዳዩ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ስልኩን ወሰደ። ደብዳቤው ከንቱ መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ ውሉን ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ትዝታ ለደብዳቤው ወጪ ቁጥር ካልተሰጠ ብላ የተጣላች ልጅ ናት፤ በደብዳቤው ታምናለች። አንዱአምላክስ? ለምን ሰረቅከው?»

«ከድርጅቱ ኮሚሽን ተቀብዬ ነበር» አለ አንዱአምላክ ራሱን ሳያነሳ። «ውሉ ከፈረሰ መልስ ይሉኛል ብዬ ነው።»

«ደብዳቤው ውሉን ያፈርሳል ብለህ ስላመንክ ሰረቅከው። ትናንት ገድለኸው ቢሆን ያኔውኑ ይዘኸው ትሄድ ነበር። የቀረው አንድ ሰው ነው። ደብዳቤው ሊላክ ነው ስለው በገዛ መኪናው ላድርስ ያለኝ። ቢደርስም ምንም እንደማያመጣ ስለሚያውቅ ነው፣ ዶክተር ይሻው።»

ይሻው ፈገግ አለ። «ይህ ግምት ነው፣ ኢንስፔክተር። ማስረጃ የለዎትም። አላነበብኩትም ብዬዎታለሁ።»

«ብለውኛል። ሌላ አንቀጽ ደግሞ አለ፤ የሲስተሙ ኃላፊ ሲቀየር አዲሱን የሚያጸድቀው በነባሩ ስልክ ነው ይላል። እርስዎ ዓለምነውን ሊተኩ ከሆነ ያንን ስልክ ሊጥሉት አይችሉም። ጋሽ ዘውዱ ደግሞ ሲወጡ ፈትሸዎታል። ስልኩ ከዚህ ግቢ አልወጣም።» ወደ ሞላ ዞረች። «ሰዎቹ እስኪሰበሰቡ ያስመጣሁት የፍርድ ቤት የብርበራ ፈቃድ ይኸውልህ። ከራጅ ክፍሉ ጀምር። ቁልፉ ያለው ከዶክተሩ ጋር ብቻ ነው።»

ሞላ ሲመለስ ራጅ ሲነሳ የሚለበሰውን ከባድ መከላከያ ሽርጥ ተሸክሞ ነበር። በሽርጡ ኪስ ውስጥ የመድኃኔ ዓለም ሥዕል የተለጠፈበት ስልክ አለ።

«ስልኩን ብቻ ነው የፈለግሁት» አለ ይሻው። «ዓለምነው ማታ ውሉን ሲያነብ ደርሶበት ነበር፤ በስልኩ ሊያቋርጠው ነበር። የድርጅቱ ሰዎች ይህ ክሊኒክ ውሉን ከቀጠለ ለአካባቢው በሙሉ ወኪል እናደርግሃለን ብለውኝ ነበር። ስቀማው ደረጃው ላይ ታገለኝ። ገፋሁት።»

ጥሩወርቅ ስልኩን ተቀበለች። መክፈቻውን ታውቀዋለች። ደሳለች እያሳየቻት ማቋረጫውን ተጫነች። ወዲያው መልስ መጣ፤ ውሉ ተቋርጧል፣ የበሽተኞች መረጃ በውሉ መሠረት ይመለሳል ይላል።

«መቼ ነው የሚመልሱት?» አለች ጥሩወርቅ።

«ውሉ ‹ለድርጅቱ በተመቸው ጊዜ› ነው የሚለው፣ እቴ።»

ጥሩወርቅ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ለዚች መልስ ነው ባሏ የሞተው።

አመሻሽ ላይ ጣቢያው ውስጥ ሞላ የትዝታን አዲስ ቃል ጽፎ ጨረሰ። ልጅቷ በፊርማዋ የገባችበት እስር የሚያበቃው በዚህኛው ፊርማ ነው። እናቷ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ቁጭ ብለዋል።

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት ጣቱን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አድርጎ።

ትዝታ እስክሪብቶውን ያዘች። ከዚያ አስቀመጠችውና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ከላይ ጀምራ በሹክሹክታ ማንበብ ጀመረች።

«ኢንስፔክተር፣ እናቷም እየጠበቁ ነው» አለ ሞላ። «ቶሎ ብትፈርምና ብትሄድ…»

«ወንበር አምጣላት» አለችው ደሳለች።

ትዝታ ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳረፈች። «እዚህ ላይ ‹ጠብ› ይላል። እኔ ጭቅጭቅ ነው ያልኩት።»

ሞላ ተነፈሰና ሰርዞ አስተካከለ። ትዝታ ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበረች።