ድልድዩን እስክትሻገር

ምርቫ የተወለደችው በጠብ መሃል ነው። የባርባ ቪቶ ውሻ ዲያና፣ ዘሯ የታወቀ እንጉዳይ አነፍናፊ፣ አንድ ቀን አጥር ዘለለችና የባርባ ኤርማኖን ትንሽ አይጥ አዳኝ ውሻ አገኘች። ሁለቱ ባርባዎች፣ ሽማግሌን እንዲህ ነው የምንጠራው፣ «የእንጉዳይ ቦታዬን ሰልሎብኛል» ተባብለው ከተኳረፉ ቆይተዋል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ በር ነው የሚገቡት። ውሾቹ ግን ማንንም ሳያማክሩ ተጋቡ። ባርባ ቪቶ ቡችሎቹን ሲያይ «እኔ ዲቃላ አላሳድግም» ብሎ ወንዝ ሊጥላቸው ተነሳ። ልጁ ዶሪያን ደረሰና እጅ ላለው ሰው ሁሉ አንድ አንድ አደለ። የመጨረሻዋን፣ ከመዳፍ የማትበልጠውን፣ ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ አደባባዩ ወጣ።

የባርባ ኤርማኖ ልጅ ኔቪያ የጠበባትን ጫማ አውልቃ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ቡችላዋ ከጃኬቱ ዘላ ወረደችና አንደኛውን ጫማ ነክሳ ሮጠች። ዶሪያን አደባባዩን ሁለት ጊዜ ዞሮ ሲይዛት የጫማው ጫፍ ተበልቷል።

«አዲስ ጫማ ልግዛልሽ ወይስ ሌባዋን ላስረክብሽ?» አላት እያለከለከ።

«ሌባዋን» አለችው።

ከዚያ ተያዩ። የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃል። ያም ሆኖ ማናቸውም ዓይናቸውን ከሌላው ላይ ቀድመው አላነሱም።

ስሟን ምርቫ አለቻት፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። ፍርፋሪዋ ግን ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመችው። ጠዋት ተራራውን ወጥታ ካልወረደች የወንበር እግር ትበላለች። ፖስተኛው ሲመጣ ትጮሃለች፣ የልብስ ማጠቢያው ሲዞር ትጮሃለች፣ የቀትር ደወል ሲደወል አንገቷን አቅንታ አብራ ታዜማለች። ባርባ ቪቶ በመንገድ ካለፈማ ሳትጮህበት አሳልፋው አታውቅም፤ ወንዝ ሊጥላት እንደነበር የነገራት ሰው ያለ ይመስል ነበር። ኔቪያ በየማታው ጉልበቷ ላይ አስተኝታት ከጸጉሯ መዥገርና እሾህ ትለቅማለች፣ ጆሮዋን ታጸዳለች፣ ሆዷ ሲታመም ሩዝ ቀቅላ በእጇ ታጎርሳታለች። ኤርማኖ «ይቺ ቀበጥ» እያለ ይነጫነጫል፤ የቋሊማውን ቆዳ በጠረጴዛው ሥር የሚያቀብላት ግን እሱ ነው።

ደን ውስጥ ዝም ማለትን ያስተማራትም እሱ ነው። እኛ የሚርና ሸለቆ ሰዎች ኃጢአታችንን ለቄሱ እንናዘዛለን፤ እንጉዳያችን የት እንደሚገኝ ግን ለሚስታችንም አንናገርም። ያ ነጩ፣ ከመሬት በታች የሚበቅለው፣ ክረምቱን የሚያሳልፈን እሱ ነው። ውሻ ደን ውስጥ ከጮኸ ጎረቤት ቦታውን ያውቅበታል። ስለዚህ ኤርማኖ ቡችላዋን ወደ ደኑ በሚያስገባው የእንጨት ድልድይ ያሻግራታል፤ ከጮኸች ወዲያው ወደ ቤት ይመልሳታል፣ ዝም ካለች ቁራሽ አይብ ይሰጣታል። ብዙም ሳይቆይ ምርቫ ድልድዩን ስትረግጥ አፏን የምትዘጋ፣ ተሻግራ ስትመለስ ደግሞ ያጠራቀመችውን በሙሉ የምትለቅ ውሻ ሆነች። ሽማግሌው ወገቡ እምቢ ሲለው ደኑ የኔቪያና የምርቫ ሆነ።

ዶሪያንና ኔቪያ ባቡር መሄድ ባቆመበት አሮጌ ሐዲድ ላይ ይገናኙ ነበር። ምርቫ በመሃላቸው ትቀመጣለች። እሱ የኔቪያን እጅ ሲይዝ ትንሿ አፍንጫ በእጆቻቸው መሃል ትገባለች። ስለ ደን አያወሩም፤ ይህ ሳይነገር የተስማሙበት ነበር። እንድታገባው ሲጠይቃት ኔቪያ በደስታ አለቀሰች፣ ከዚያም ሄዳ ለአባቷ ነገረች። አባቷ አልተቆጣም። «ልጁን ከፈለግሽው አግቢው። ዛፉን ግን እነሱ ቤት ይዘሽው ትገቢያለሽ?» ብቻ አላት።

መብረቅ የመታው፣ እንጉዳዩ ሥሩ የሚገኝበት የባሉጥ ዛፍ ነው የቤቱ ጉርስ። ኔቪያ ቦታውን በአባቷ ፊት ምላ ነው የተቀበለችው።

«አባትህ ቤት ገብቼ በየጠዋቱ የት ነበርሽ እየተባልኩ ስዋሽ ልኑር?» አለችው ዶሪያንን።

«እኔ ስለ ዛፉ ጠይቄሽ አውቃለሁ?»

«አታውቅም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። እወድሃለሁ፤ ግን አልችልም።»

ዶሪያን ጎንበስ ብሎ የምርቫን ጆሮ ዳሰሰና ሄደ። ምርቫ ለብዙ ቀን ወደ ሐዲዱ በሚወስደው መገንጠያ ላይ እየቆመች ኔቪያን አልንቀሳቀስ ትላት ነበር።

ኅዳር ላይ ነው፣ ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ፣ ኔቪያ ጠዋት ወደ ዛፉ የወጣችው። ምርቫ ከዛፉ በላይ ባለው ዳገት ላይ የቀበሮ ሽታ አገኘችና ቀበሮው ጉድጓድ ውስጥ ጭራዋ ብቻ እስኪታይ ገባች። ከዚያ ጭራዋም ጠፋ። ኔቪያ ለመጥራት አፏን ስትከፍት የራሰው አፈር ተደርምሶ ጉድጓዱን ደፈነው።

በመኮትኮቻዋ ቆፈረች፣ ከዚያ በጥፍሯ። ጆሮዋን መሬት ላይ ለጠፈች። ምንም የለም። ሞታ እንደሆነ ወይስ የተማረችውን ጠብቃ ዝም እንዳለች የሚለይበት መንገድ አልነበረም። «አንድ ጊዜ ጩኺልኝ፣ የኔ ፍርፋሪ» እያለች ለመነቻት። ምርቫ ታዛዥ ውሻ ናት፤ አልጮኸችም።

ኔቪያ እየወደቀች እየተነሳች መንደር ደረሰች። ጎረቤቶች አካፋ ይዘው በሯ ላይ ተሰበሰቡ። የት ነው አሏት። እሷ ትንፋሽ እስክትሰበስብ ኤርማኖ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ ቀደማት፦

«አሮጌው ወፍጮ ጋ ነው። ከወፍጮው በላይ።»

ሰዎቹ ሮጡ። ወፍጮው ከድልድዩ በግራ፣ ፍጹም ሌላ አቅጣጫ ነው።

«አባዬ፣ ምን አደረግህ?»

ሽማግሌው የገዛ አፉን እንደማያምን ሰው በእጁ ያዘው። ዕድሜውን ሙሉ የት ነበርክ ሲሉት ወፍጮው ጋ ሲል የኖረ ሰው ነው፤ ሳያስበው ወጣ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሊመልሰው አቃተው። «ራሷ ትወጣለች» አለ። «ቦታውን ካወቁት ምን እንበላለን?»

ኔቪያ ሮጣ ወጣች። አካፋ ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷት ነበር፤ ጉድጓዱ ከመሬት በታች ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? የሚያስፈልገው አፍንጫ ነው። በዚያ ጥልቀት የሚያሸት አንድ አፍንጫ ደግሞ በሸለቆው አለ። ዲያና ግን አንዴ ያሸተተችውን ቦታ አትረሳም። በሚቀጥለው ቀን ገመዷ ቢፈታላት ጌታዋን ቀጥታ ወደ ዛፉ ትመራዋለች።

ባርባ ቪቶ ግቢ ስትደርስ ዶሪያን እንጨት ይፈልጥ ነበር። ጭቃ የለበሰ ቀሚሷንና የደሙ ጣቶቿን ሲያይ መጥረቢያውን ጣለ።

«ምርቫ ተቀብራብኛለች» አለችው። «ከድልድዩ በቀኝ፣ ወንዟን ይዘህ እስከ ፏፏቴው፣ መብረቅ የመታው ባሉጥ...»

«ተይ ኔቪያ፣ አትናገሪ። ምሪኝ ብቻ።»

«ከባሉጡ በላይ ባለው ዳገት» ብላ ጨረሰች፣ ደጃፉ ላይ የቆመው አባቱም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ባርባ ቪቶ፣ ዲያናን ይስጡኝ። በእግዚአብሔር።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አያት። «አባትሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ለዚያች ዲቃላ ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ የምትሰጪኝ?»

«የዲያና ልጅ ናት ባርባ። እኔም ያለ እሷ አልችልም።»

ቪቶ ገመዱን ፈታና ለልጁ ሰጠው። «ሂዱ። እኔ አልመጣም» አለ። «ዛፉን እኔ ካየሁት ኤርማኖ በቁሙ ይሞታል።»

ዛፉ ሥር ሲደርሱ ዲያና መጀመሪያ ሥራዋን ሠራች። ግንዱ አጠገብ ቆማ መሬቱን ጫረችና ያ ከባድ የእንጉዳይ ሽታ ወጣ። ኔቪያ ዓይኗን ጨፈነች። ዶሪያን ተንበርክኮ የተጫረውን አፈር በመዳፉ መልሶ ደለደለ። የውሻዋን አንገት አቅፎ «ይሄን አይደለም እማምዬ። ልጅሽን ፈልጊልን» አላት። ኔቪያ ይህን ሰማች፤ ያን ሁሉ ወር ከምን ዓይነት ሰው እንደሸሸች ያን ጊዜ ገባትና ልቧ ተቃጠለ።

ዲያና ዳገቱን ወጣች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ወጣች። ኔቪያ ከቆፈረችበት ራቅ ብሎ፣ እሾህ መሃል፣ ቆመችና በሁለት የፊት እግሯ መቧጨር ጀመረች። ዶሪያን በአካፋ፣ ኔቪያ በእጇ ተከተሏት። ሰዓቱ ሄደ። ዝናቡ የቆፈሩትን መልሶ ይሞላዋል።

«ዝም በይ ብለን ያስተማርናት እኛ ነን» አለች ኔቪያ በመጨረሻ። «እኔም ከእሷ ጋር ተምሬዋለሁ።»

«አንቺ ዛሬ ተናግረሻል» አላት። አካፋውን ግን አላቆመም።

በመጀመሪያ ያገኙት አንድ ጆሮ ነው። ዶሪያን አፈሩን እየጠረገ አወጣት። ዓይኗ ተዘግቷል፣ አፏ ጭቃ ሞልቷል፣ ሰውነቷ እንደ ረጠበ ጨርቅ ዝልፍልፍ ብሏል። ኔቪያ ጭቃውን በጣቷ አወጣችና ወደ አፍንጫዋ እፍ አለችባት። ዲያና ላሰቻት።

«ትተነፍሳለች?»

«አላውቅም» አለ ዶሪያን። ሸሚዙን ከፍቶ ደረቱ ላይ አስተኛትና ጃኬቱን ዘጋ። «የእኔ ልብ ነው የሚመታው ወይ የእሷ፣ አላውቅም። ሩጪ።»

ሮጡ። ፏፏቴውን አለፉ። ኔቪያ በየመታጠፊያው ጠየቀችው፤ በየመታጠፊያው አላውቅም አላት። ከጃኬቱ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ተስፋ መቁረጥ አይታ አታውቅም፤ ለመጸለይ እንኳ የሚጀምሩበት ቃል ጠፋት።

ከድልድዩ ወዲያ ባርባ ቪቶ መኪናውን አስነስቶ ቆሟል። ኤርማኖም በከዘራው እየተጎተተ መጥቷል፤ ሰዎቹን ከወፍጮው መልሶ እውነተኛውን መንገድ ሊያሳያቸው ነበር የወጣው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ድልድዩ አፍ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ሳይነጋገሩ ደኑን ያያሉ።

ዶሪያን እንጨቱን ረገጠ። ኔቪያ ከኋላው። መሃል ደረሱ፤ ምንም የለም። ዶሪያን የመጨረሻውን ሳንቃ አልፎ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ጃኬቱ ውስጥ አንድ ነገር ተነቃነቀ። ጭቃማ አፍንጫ በአንገትጌው በኩል ወጣ። ባርባ ቪቶን አየችና፣ ሳል በሚመስል ቀጭን ድምፅ፣ ጮኸችበት።

ኔቪያ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች። ዶሪያን አጠገቧ ተንበርክኮ፣ ምርቫን በመሃል አድርጎ አቀፋት።

«ዛሬም እኔኑ ነው የምትሰድበው» አለ ቪቶ፣ ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ ዓይኑን እየጠረገ።

ኤርማኖ ዶሪያን አጠገብ መጣ። የልጁን እጅ አየ፤ የባሉጡ ሥር ጥቁር አፈር እስከ ክንዱ ድረስ ነበር።

«ዛፉን አየኸው?» አለው።

«የቱን ዛፍ ባርባ? እኔ ውሻ ነበር የምፈልገው።»

«እንግዲያው ዓይንህ ደካማ ነው» አለ ሽማግሌው። «ብቻህን ደን መግባት የለብህም። ኔቪያ ትምራህ።»

ምርቫ እስከ ሐኪሙ በር ድረስ ጃኬቱ ውስጥ ሆና ስትጮህ ሄደች፤ ዝም በይ ያላትም ሰው አልነበረም።