ሳትሞቅ የጠፋች

አንሴልሞ ከእኔ መጀመሪያ ያየው እግሬን ነው። ካጓስ ከተማ ባለው የአባቴ ጋራዥ መኪና ስር ተኝቼ ስሠራ፣ «ጌታዬ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ያውሱኛል?» አለ። ብቅ ስል ጌታው ሴት ሆና አገኛት፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በማግስቱ ቁልፉን ሊመልስ መጣ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያልተዋሰውን ሊመልስ መጣ።

ማዶ ባለው ጋራዥ የተለመደው የፒስቶን ሞተር ሠራተኛ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ ይህ ነውር ነው። አባቴ ዶን ኤፍራይን ፒስቶን የሌለውን፣ ውስጡ እየተሽከረከረ እንደ ንብ የሚጮኸውን ሮታሪ እንጂ ሌላውን «ሞተር» ብሎ አይጠራውም። «የፒስቶን ሰው ልጄን አያገባም!» ሲል ሰፈሩ ይስቃል፤ እሱ ግን አይስቅም።

አሮጌዋ የሰማንያ አምስት ሞዴል ማዝዳ የእኔ ናት። ሞተሯ ሲያልቅ እኔና አባዬ ከሌላ መኪና የወጣ ጠንካራ ሮታሪ ገጠምንላት። ስምንት ወር ፈጀብን።

«ኔሬይዳ፣ ጤነኛ ሞተር ብትገጥሚላት ምናለ?» ይለኛል አንሴልሞ።

«ምላስህን ልፍታልህ?»

«ከፈታሽው ማን ይገጥምልኛል?»

እንዲህ ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እኔም የወደቀ ብሎን የምፈልግ መስዬ አቀረቅራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጨከንኩና «ነገ ለምሳ ና፤ ስለ እኛ ለአባዬ እኔ እነግረዋለሁ» አልኩት።

እሁድ ጠዋት መኪናዬ አልነሳ አለች። ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ እሷ ጭጭ።

«ትናንት የነካት ሰው አለ?» አለ አባዬ።

ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቧል። እኛ ቤት ረጅም እግር ያለው ሰው የለም፤ ረጅም እግር ይዞ የሚመጣው አንሴልሞ ብቻ ነው።

«የለም» ብዬ ዋሸሁ። አባዬ ጉልበቷን ለካና ራሱን ነቀነቀ። «ውስጧ አልቋል፣ ልጄ።»

ሮጬ ለአንሴልሞ ስልክ ደወልኩ። «መኪናዬን ነድተሃል?»

«ነድቻለሁ፣ ግን...»

ዘጋሁበት። እንዳትመጣም ብዬ ጻፍኩለት። ፒስቶን እንድገጥም ብሎ ገደላት፣ አልኩ በልቤ። ከመኪናዋ ይልቅ ያስለቀሰኝ ግን እሱ ነበር።

በምሳ ሰዓት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከች አለ። እኔን አልፎ ቀጥ ብሎ አባቴ ፊት ቆመ።

«ዶን ኤፍራይን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንት ውሃ የሚያመጣው መኪና መግቢያ አጥቶ ነበር። ቁልፉ ላይዋ ስለነበር አስነስቼ ሦስት ሜትር አስጠጋኋትና አጠፋኋት። ስንት ወር ይፍጅ፣ እኔ እሠራታለሁ።»

«ቆይ፤ ሳትሞቅ አጠፋሃት?»

«አዎ፤ ቤንዚን እንዳላባክን ብዬ።»

አባዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሰ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ እየሳቀ ነው!

«አይ የፒስቶን ሰው! ሮታሪ ቀዝቃዛ ሆና ተነስታ ወዲያው ከጠፋች ቤንዚን ያጥለቀልቃታል፤ ዘይቷም ይታጠብና ጉልበቷ ያለቀ ይመስላል። አልሞተችም! እኔ ጅሉ ከነነፍሷ ልቀብራት ነበር!»

ካንዴላዎቹን ፈትተን፣ ቤንዚኗን አስተፍተን፣ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገን መልሰን ገጠምን። ነጭ ጭስ ሰፈሩን አለበሰችና ጮኸች። እፎይ! የአንሴልሞ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። አባዬ መኖሩ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።

አባዬ አየኝ፣ እሱንም አየው። ከዚያ ወደ መኪናዋ በር ጠቆመ።

«አንተ፣ ግባና ተቀመጥ። እስክትሞቅ እንዳታጠፋት! አንቺም አብረሽው ግቢ፤ ይህን ሰው ብቻውን አላምነውም። እኔ ሩዙን ላቅርብ፤ ሦስት ሰሃን ነው አይደል?»

ገባን። «ሳልሰማህ ዘጋሁብህ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ለሰርጋችን ያንን የውሃ ሹፌር እንጥራው?»

«የምን ሰርግ?»

ጆሮው ቀላ። «ሞተሯ ሞቃ መርፌው ከፍ ሲል ልጠይቅሽ ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።»

የሙቀቱን መርፌ አየሁት። ገና ንቅንቅ አላለም።

«እሺ» አልኩት።