ሦስተኛው ማስታወቂያ

«ሦስተኛው ማስታወቂያ» አለ ወንድም አብይ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሌም እንዲህ ነው፤ ትንንሾቹ ከፊት ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ የታወቀ ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ የጥምቀት መዝሙር ጥናት አለ፣ ማንም እንዳይቀር። ሁለተኛውም እንዲሁ። ቅዳሜ ባሕረ ጥምቀቱ ይጸዳል፣ መጥረጊያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የትናየት በግማሽ ልብ ነበር የምታዳምጠው። ሦስተኛው ሲጀመር ግን ቀና አለች።

«እንደምታውቁት አዲስ ቆዳ ያለበስነው ትልቁ ከበሮ ትናንት ተሰንጥቋል። ጎረቤት አምነን አስጥተነው፣ ኢንዓም የምትባለዋ ልጃቸው ስትነካካው ነው የተበላሸው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በትንሹ በር ወደዚያ ግቢ መመላለስ ቀርቷል፤ በሩ በሽቦ ይታሰራል። የከተራ ዕለትም መንገዱን የምናጠጣው ራሳችን ነን። ጎረቤቶቻችን እንዳይደክሙ እንነግራቸዋለን።»

እንዳይደክሙ! የትናየት ደሟ ፈላ። ሰውን አትምጣብን ለማለት እንዲህ ያለ ቆንጆ ቃል መምረጥ ደግሞ ምን ይሉታል? ወደ ጎኗ ዞር ብላ ጓደኛዋን የዝናን አየቻት። የዝና የነጠላዋን ጥለት እያስተካከለች ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ያን ቀን ጥለት የሚያስተካክል ሌላ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በማንጎ ዛፍ የተሸፈነ ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ጥላ ነው። ከበሮ ደግሞ ቆዳው ሲለወጥለት ፀሐይ ይፈልጋል፤ ያውም የጠዋት ፀሐይ ብቻ። የቀትሩ ካገኘው ቆዳው እየተኮማተረ ሄዶ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማንም ከማያስታውሰው ዘመን ጀምሮ ከበሮ የሚሰጣው ከአጥሩ ማዶ፣ በነኢንዓም ግቢ ነው። የኢንዓም እናት እማማ ሳና ባምያ ከሚያደርቁበት ሰሌን ጎን ቦታ ለቀው ይጠብቃሉ። ትንሹ በርም የተከፈተው ለዚሁ ነው። ከተራ ሲደርስ ደግሞ የኢንዓም ወንድሞችና የሰፈሩ ልጆች በጀሪካን ውኃ እየቀዱ፣ ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ ያጠጡታል። የአሶሳን ቀይ አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ውለታ እንደሆነ ይገባዋል።

ቅዳሜ ከበሮውን የማስጣትና የማንሳት ተራ የየዝና ነበር። አሰጣችው። ከዚያ የጥምቀት ቀሚሳቸውን ሊለኩ ከየትናየት ጋር ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄዱ። የትናየት ቀሚሱ በመርፌ ተይዞባት ስትቆም ኢንዓም እያለከለከች በሩ ላይ ደረሰች።

«የዝና! ፀሐዩ በርትቷል፣ ከበሮውን አንሱት። እኔ መንካት አልችልም፣ እማዬ ትቆጣለች። ሰሌን አቁሜ ጥላ አድርጌለታለሁ፣ ግን ፀሐዩ እየዞረ ነው።»

«እሺ መጣን» አለች የዝና፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ ቀሚሷን ፎቶ እያነሳች።

«የዝና፣ እንሂድ» አለቻት የትናየት፣ ኢንዓም ከሄደች በኋላ።

«ኧረ አታካብጂ! አንድ ፎቶ ብቻ።»

አንዱ ፎቶ ብዙ ሆነ። ሲደርሱ የከበሮው ትልቁ አፍ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተሰንጥቆ ነበር።

የትናየት እስከዚህ ድረስ ያለውን ታውቃለች። እሷ ወደ ቤት ከሄደች በኋላ ወንድም አብይ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የዝናን ሲጠይቅ የተመለሰለትን ግን የሰማችው ገና ዛሬ፣ ከሁሉም ጋር፣ በማስታወቂያ ነው።

ከአዳራሹ እንደወጡ የየዝናን ክንድ ይዛ ወደ ማንጎው ሥር ወሰደቻት።

«ኢንዓም ነካካችው አልሽ?»

«እንደዛ አላልኩም! ‹ኢንዓም አጠገቡ ነበረች› ነው ያልኩት። እነሱ ናቸው የጨረሱት።»

«ሲጨርሱትስ ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ልጅቷ ክርስቲያን አይደለችም፣ እዚህ አትመጣ፣ ምን ይጎዳታል? እኔ ግን ካወቁ ከመዝሙር እወጣለሁ። ለጥምቀት ፊት መሪ ነኝ እኮ! በናትሽ የትናየት፣ አንቺ ደግሞ አታካብጂ።»

ምን ይጎዳታል! የዝና ክፉ ልጅ ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለላት። ግን የዝና ናት፤ የትናየትና እናቷ ከድባጤ ተፈናቅለው ሲመጡ «እኛ ጋ ሰርቪስ ቤት አለ» ብላ እናቷን እትዬ ወሰንን የለመነች፣ ግማሽ ልብሷን ያካፈለች የዝና። ዛሬም ድረስ የሚኖሩት በዚያው ሰርቪስ ቤት ነው።

ሰኞ ክፍል ውስጥ ኢንዓም ቦታዋን ቀይራ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ከገቡ ጀምሮ ከየትናየት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ። ዛሬ ግን ከመስኮቱ ሥር፣ ከማታውቃት ልጅ ጋር ተቀምጣለች። በእረፍት ሰዓት ከነየዝና ሰንበት ትምህርት ቤት የሆኑ ሁለት ልጆች በአጠገቧ ሲያልፉ «ከበሮ ሰባሪ!» ብለው ሳቁ። ኢንዓም ዞር ብላም አላየቻቸው። ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

የትናየት ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቀጥታ ወደነኢንዓም ቤት ሄደች። ትንሹ በር በሽቦ ተተብትቧል። በአስፋልቱ በኩል ዞራ የፊቱን በር አንኳኳች።

«አንተ ነው? ና ግባ፣ ለምን በር ላይ ቆመ?» አሉ እማማ ሳና። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ ፊታቸው ግን ከወትሮው ቀዝቀዝ ብሏል። ከበሮው ይሰጣበት የነበረው ቦታ ባዶውን ነበር።

ኢንዓም ከቤት ወጣች። አልጨበጠቻትም።

«ኢንዓም፣ አንቺ እንዳልነካሽው አውቃለሁ። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

«እኔም አውቃለሁ።»

የትናየት ግራ ገባት። ምስጋና ባትጠብቅም፣ ቢያንስ ፊቷ ይፈታል ብላ ነበር።

«አየሽ» አለች ኢንዓም፣ «እኔ ከመንካት ፈርቼ ነው የሮጥኩት። ባነሳው ኖሮ ደህና ይሆን ነበር። የናንተ የጸሎት ዕቃ ነው ብዬ፣ ለአክብሮት ብዬ ተውኩት። አሁን ‹ነካች› ይሉኛል! ትናንት ሰው ልከው ለአባዬ ‹ዘንድሮ ውኃ አታምጡ፣ አትድከሙ› አሉት። አባዬ ምን አጠፋን ብሎ ሲጠይቅ ‹ልጅህን ጠይቅ› አሉት። እኔን ጠየቀኝ፣ የትናየት! አባቴ እኔን ጠየቀኝ!»

«እኔ…»

«አንቺ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔማ እዚያው ነበርኩ። የማያውቁት እነሱ ናቸው። ለነሱ ንገሪያቸው።»

እማማ ሳና ከኋላ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ወላሂ፣ እኔ ለልጆች ሁሉ ‹የሰው እምነት ዕቃ አትንካ› ነው የሚለው» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ አልነካም። ሰሌን ብቻ አቆመ።»

የትናየት ወደ ቤቷ ስትመለስ ማን ላይ እንደምትናደድ መምረጥ አቃታት። የዝና ላይ ነው? ወንድም አብይ ላይ ነው? ያን ያህል ሰው አዳራሽ ሙሉ ተቀምጦ «ልጅቷን ጠይቃችኋል ወይ?» የሚል አንድ ሰው እንኳን መጥፋቱ ነው? ወይስ ከነዚያ ሰዎች መካከል አንዷ እሷ ራሷ መሆኗ?

ማታ እናቷ ሽሮ ስታማስል ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ማማሰያዋን ሳታቆም ሰማቻት።

«ዝም በይ» አለች በመጨረሻ። «ያለነው በሰው ቤት ነው። እትዬ ወሰን ቢቀየሙን የት እንገባለን? እውነቱ ራሱ ጊዜውን ጠብቆ ይወጣል።»

«ራሱ አይወጣም፣ እማ። የዝናና እኔ ካላወጣነው ማን ያወጣዋል?»

«እኮ የዝና ታውጣው።»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ስለ ድባጤ የነገርሽኝ? ስለኛ ሲወራ ውሸት መሆኑን እያወቁ ዝም ያሉት ጎረቤቶች ናቸው የከፉብኝ አላልሽም?»

እናቷ ማማሰያዋን አቆመች።

«ብዬ ነበር» አለች። ከዚያ እሳቱን ቀነሰች። «እንግዲህ የሚሆነውን እናያለን።»

ማክሰኞ ከጥናት በፊት የትናየት የዝናን አገኘቻት። «እስከ እሑድ ድረስ ራስሽ ተናገሪ። እኔ አብሬሽ እቆማለሁ። ካልተናገርሽ ግን እኔ እናገራለሁ» አለቻት። የዝና አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣች፤ ከዚያ «እንደ እህት ነበር የማይሽ» አለች። ሐሙስ ጥናት ላይ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ወደ ቤት ሲመለሱም በአንድ መንገድ ላይ፣ አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው ተጓዙ።

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ እንደ ሁልጊዜው ሞላ፤ ከተራ ስለተቃረበ እንዲያውም ከወትሮው ይበልጥ ነበር። ወንድም አብይ ማስታወቂያዎቹን ጀመረ። የከተራ ዕለት ሁሉም የደንብ ልብሱን ለብሶ በጊዜ ይገኝ። ምንጣፍ አንጣፊዎች ለብቻ ይሰብሰቡ። ከበሮ ከሌላ አጥቢያ ተውሰናል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። መንገድ የሚያጠጡ ልጆች ቁጥር ስላነሰ ፈቃደኞች ይመዝገቡ።

የትናየት የዝናን አየቻት። የዝና መሬት መሬት ታያለች።

«ሌላ ማስታወቂያ ያለው?» አለ ወንድም አብይ፣ እንደ ልማዱ፣ ወረቀቱን እያጣጠፈ።

የዝና አልተነሳችም።

የትናየት ተነሳች። የፊቷን ወንበር ጀርባ ያዘች።

«እኔ አለኝ» አለች። «ኢንዓም ከበሮውን አልነካችውም። ፀሐዩ በርትቷልና አንሱት ብላ ልብስ ሰፊው ድረስ ሮጣ ነግራናለች። የዘገየነው እኛ ነን። እኔና የዝና።»

ከፊት ያሉት ትንንሾች አንገታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። የትናየት እትዬ ወሰን ከኋላ ከቆሙት እናቶች መካከል ቀና ሲሉ አየቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ አቅጣጫ አላየችም።

«የዝና?» አለ ወንድም አብይ።

የዝና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። መልሷ ይኸው ነበር።

ወንድም አብይ ወረቀቱን መልሶ ዘረጋው፣ መልሶ አጠፈው። ደግ ሰው ነው፤ መደንገጡም ያስታውቃል። «እሺ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥሩ አደረግሽ። ይህን ለብቻችን እንነጋገርበታለን። አሁን በዓል ደርሷል፣ ሰው ባይረበሽ ይሻላል። ከጥምቀት በኋላ እናየዋለን። ተቀመጪ።»

ለብቻችን! ሲወነጅሏት በአደባባይ፣ ሲጸጸቱ ለብቻ! የትናየት ከሳምንት በፊት ብትሆን ኖሮ በዚህ «ጥሩ አደረግሽ» ተደስታ ቁጭ ትል ነበር። አሁን ግን የኢንዓም ጆሮ ሲቀላ ታያት፤ «አባቴ እኔን ጠየቀኝ» ስትልም ሰማቻት።

«ወንድም አብይ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «ስሟን ያጠፋነው በማስታወቂያ ነው። በማስታወቂያ ይመለስላት። ዛሬ።»

«የትናየት፣ ተቀመጪ አልኩሽ እኮ።»

«ትንሹ በርም ይከፈት። አባቷንም ይቅርታ እንጠይቃቸው።»

ከኋላ አንድ ሰው «ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?» ሲል ተሰማ። ሌላው «ዝም በል፣ ትናገር» አለው። ወንድም አብይ እጁን አነሳና ወደ ወንበሯ አመለከታት፤ በቁጣ ሳይሆን እንደሚለምን ሰው።

«እባክሽ። ጸሎት አድርገን እንዝጋ» አለ።

ሰው ሁሉ ለጸሎት ለመነሳት ወንበሩን ያንኳኳ ጀመር፤ ከዚያ የትናየትን አይቶ ባለበት ቀረ። ወንድም አብይም ጸሎቱን አልጀመረም። ወረቀቱን በእጁ እንደያዘ ያያታል።

የትናየት የወንበሩን ጀርባ ለቀቀች። አልተቀመጠችም።

«እየጠበቅኩ ነው፣ ወንድም አብይ» አለች።