ከካዲዝ የመጣው ከረጢት

ጋሼ ወንድሙ ካዲዝ በምትባል የስፔን የወደብ ከተማ ከባሕር ግንብ ላይ ወድቀው በሞቱ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ልጃቸው ማሂ ሜልቦርን ውስጥ ፊትዝሮይ ሰፈር ካሉት ረጃጅም የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃዎች ወደ አንዱ ገብታ፣ አሥራ አራተኛው ፎቅ ላይ የእትዬ ፋናዬን በር አንኳኳች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው አፉ የታሸገ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛለች።

«የአባዬ ዕቃ ነው፤ ከስፔን ትናንት ደረሰ። ልከፍተው አልቻልኩም።»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ። ከእኔ ምን ፈለግሽ?»

«ያቺ ሴትዮ ገፍታ እንደጣለችው እንዲያረጋግጡልኝ ነው።»

እትዬ ፋናዬ ጡረታ የወጡት ከጽዳት ሥራ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የመሃል ከተማ ቢሮዎችን ሲጠርጉ ኖረዋል። ከዚያ በፊት ግን አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የፖሊስ መርማሪ ነበሩ። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ሜልቦርን ውስጥ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲያገኛቸው ሳይጠየቅ የት እንደዋለ የሚናገር ሰው አለ። ርኅራኄ ይጎድላቸዋል ይባላል። ሐሜት አይደለም፤ ይጎድላቸዋል።

«ያቺ ሴትዮ» የተባለችው እየሩ ናት። ጋሼ ወንድሙ ሚስታቸው በሞቱ በስድስተኛው ዓመት ሊያገቧት ያሰቧት፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት ዝምተኛ ሴት። ማሂ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ «ገዳይ» እያለች ስሟን አዳርሳዋለች፤ ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣም በሰው ሁሉ ፊት ክንዷን ይዛ አስወጥታታለች።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አሉ እትዬ ፋናዬ።

ወደ ስፔን የሄዱት አምስት ሆነው ነበር፦ ጋሼ ወንድሙ፣ ማሂ፣ ባሏ አናንያ፣ እየሩና የአባቷ የስደት ጓደኛ ጋሼ ዳምጤ። ካዲዝን በእግር የምታስጎበኛቸው ሮሲዮ የምትባል ሴት ነበረች፤ ቀይ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ ከፊት እየሄደች በማይክሮፎን ታወራለች፤ እነሱ አንገታቸው ላይ በተንጠለጠለ ትንሽ ሬዲዮ ይሰሟታል። ጠባቦቹን ጎዳናዎችና ገበያውን አዩ። ከባሕሩ ግንብ አጠገብ ካለው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ የሃያ ደቂቃ እረፍት ተሰጣቸው። ፀሐዩ ሰው አስጠልሎ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር።

«በእረፍቱ ማን የት ነበር?»

«እኔ ከሮሲዮ ጋር ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ጋሼ ዳምጤ ሊያጨሱ ዞር አሉ። ሴትዮዋ ውሃ ልግዛ ብላ ጠፋች። አባዬና አናንያ ቤተ ክርስቲያኑን ሊያዩ ገቡ። ከዚያ አባዬ ነፋስ ልቀበል ብሎ ብቻውን ወጣ።»

«ብቻቸውን መውጣታቸውን አየሽ?»

«አናንያ ነው የነገረኝ።»

እትዬ ፋናዬ ከረጢቱን በመቀስ ከፈቱት። የተሰበረ መነጽር፣ የአንገት መስቀል፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቡናማ ጫማ። የሕክምና ሰዎች ጫማውን ከእግር ለማውጣት በየጎኑ ቀደውታል፤ ማሰሪያው ግን እንደታሰረ ነው። ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄደው ቋጠሮውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይህን ማን ያስርላቸው ነበር?»

«እኔ። ወገቡን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ማጎንበስ አይችልም። ሦስት ጊዜ እቋጥርለታለሁ፤ ‹ልጄ፣ አህያ እየጫንሽ ነው ወይ?› እያለ ይስቅብኝ ነበር።» አለቀሰች። እትዬ ፋናዬ ሶፍት አቀበሏትና ልቅሶዋ እስኪያልቅ ሰዓታቸውን አዩ።

«አርባቸው በሚወጣ ቀን አምስታችሁም...» ብለው ታረሙ፤ «አራታችሁም እዚህ ምድር ቤት አዳራሽ እንድትሰበሰቡ። እየሩም ትምጣ።»

«እሷማ ሞቼ ነው!»

«እንግዲያው ከረጢትሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ማሂ ጥርሷን ነክሳ እሺ አለች። ስትነሳ የስኒከሯ ማሰሪያ ተፈትቶ መሬት ይጎተታል። «ግድ የለም፣ አናንያ ታች እየጠበቀኝ ነው፤ ጠዋት ጠዋትም እሱ ነው የሚያስርልኝ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ እየሩ ቤት ሄዱ። ጠረጴዛዋ ላይ ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ አለ፤ የተጻፈበት በስፔንኛ ነው።

«ውሃውን ይዤ ስመለስ ሰው ይጮሃል» አለች እየሩ። «ይኸው ከሻንጣዬ አውጥቼ አስቀመጥኩት።»

«የተጣላቸው ሰው ነበር?»

«የዚያን ቀን ጠዋት ሆቴል ውስጥ ከጋሼ ዳምጤ ጋር ድምፃቸው ከፍ ብሎ ሰምቻለሁ። ስገባ ዝም አሉ።»

ጋሼ ዳምጤ ይህን ሲጠየቁ ሲጋራቸውን በተረከዛቸው ደፈጠጡ። «የሁለት ሽማግሌ ነገር ነው፤ ተዪው።»

«እሺ፣ ለዛሬ ልተወው። በአርባው ግን በሰው ፊት እጠይቅዎታለሁ፤ እስከዚያ እንቅልፍ ካለዎት ይተኙ።»

አናንያ ከተማው ዳር ላቨርተን ኖርዝ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ሱፐርቫይዘር ነው። ሺፍቱ ሲያልቅ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቁት። ቆንጆ፣ ትሑት፣ እጅ ሲነሳ ወገቡ የሚታጠፍ ልጅ ነው።

«ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አብራችሁ ነበራችሁ አሉ። መቼም ጋሼ ወንድሙ ጫማቸውን አድርገው አልገቡም?»

«ኧረ እትዬ! የካቶሊክም ቢሆን እሳቸው ከነጫማቸው ይገባሉ? ደጃፉ ላይ አውልቀው ነው የገቡት። ፈረንጆቹ እንኳ እየዞሩ ያዩአቸው ነበር።»

«ደግ። ሬዲዮአቸውንስ?»

«ይከብደኛል፣ ያዝልኝ ብለው ሰጡኝ። በኋላ ከራሴው ጋር ለሮሲዮ መለስኩላት።»

«ሲወጡ ጫማቸውን ማን አሰረላቸው? ማጎንበስ አይችሉም።»

አናንያ ለአፍታ እንኳ አላመነታም። «እኔ ነኛ። በሩ ላይ አስሬላቸው ተመልሼ ገባሁ።»

«ተባረክ» አሉ እትዬ ፋናዬ፣ ከልባቸው በሚመስል ድምፅ። ያን ዕለት ለሮሲዮ ኢሜይል ጻፉ፤ መልሱን ካነበቡ በኋላ ደግሞ ፖሊስ ዘንድ ደወሉ።

በአርባው ጸሎቱ አልቆ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ከተበተነ በኋላ አራቱ ብቻ ቀሩ። ማሂ ከአባቷ ፎቶግራፍ ሥር፣ አናንያ ከጎኗ። እየሩን በሩ አጠገብ አስቀምጠዋታል። እትዬ ፋናዬ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት።

«ጋሼ ወንድሙ አልተንሸራተቱም። ግንቡ እስከ ወገባቸው ይደርሳል፤ ማጎንበስ የማይችል ሰው ደግሞ ቁልቁል አያይም። ተገፍተዋል።»

«አላልኩም?» ማሂ ወደ በሩ ጣቷን ቀሰረች።

«ጣትሽን መልሺ። አናንያ፣ የነገርከኝን ድገምላቸው።»

አናንያ ደገመ፤ ጫማ ማውለቃቸውን፣ መግባታቸውን፣ እሱ ማሰሩን። ጋሼ ዳምጤ ልክ ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጋሼ ወንድሙ ከነጫማቸው ቤተ ክርስቲያን ገቡ ብሎ የሚያምን ሐበሻ እንደሌለ አናንያ አሳምሮ ያውቃል።

«ማሂ፣ ይህን ቋጠሮ እዪው።»

ማሂ ጫማውን አንስታ አየችው። «የኔ ነው። ሦስት ዙር።»

«ጠዋት ሆቴል ውስጥ ያሰርሽው?»

«አዎ።»

«ዛሬ ያንቺንስ ጫማ ማን አሰረልሽ?»

ሁሉም ወደ እግሯ አዩ። አንድ ዙር፣ ላላ ያለ፣ ሁለት ጆሮ ያለው።

«አናንያ» አለች ማሂ፣ ድምጿ ወርዶ።

«ወንድሙ ሳይፈታው አውልቆት ቢሆንስ?» አሉ ጋሼ ዳምጤ።

«እስከ ቁርጭምጭሚት የታሰረ ጫማ ነው። ሐኪሞቹ እንኳ ቀደው ነው ያወጡት። ይህ ጫማ ጠዋት ከታሰረ በኋላ አልተፈታም። ጫማው ካልተፈታ ጋሼ ወንድሙ ቤተ ክርስቲያን አልገቡም። እሳቸው ካልገቡ አናንያ ‹በር ላይ ሸኘኋቸው› ያለው ውሸት ነው።» ስልካቸውን አወጡ። «ሮሲዮ እንደጻፈችልኝ፣ አናንያ የመለሰው የጋሼ ወንድሙ ሬዲዮ ደህና ነው፤ የአንገት ገመዱ መቆለፊያ ግን ተሰብሯል። ሰው በፈቃዱ ሲያወልቀው አይሰበርም። አናንያ፣ ስትገፋቸው ገመዱ እጅህ ላይ ቀረ። ባሕር ውስጥ ብትጥለው ኖሮ እኔም ይህን ያህል ባላወራሁ፤ ግን ሮሲዮ ቆጥራ እንደምትረከብ ታውቃለህ።»

«ለምን ብሎ?» ማሂ ጮኸች። «አባዬን ይወደው ነበር!»

«ጋሼ ዳምጤ፣ ጊዜው ደረሰ።»

ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «አዳማ ሚስት አለችው። ከአንቺ በፊት ያገባት፣ ያልፈታት። ለአባትሽ ደውላ ነገረችው። እኔ ልጅቷ እርጉዝ ናት፣ ተወው አልኩት። እሱ ግን ‹እስከ ማታ ካልነገራት እኔ እነግራታለሁ ብዬዋለሁ› አለኝ። የተጣላነው በዚህ ነው።»

«አርባ ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር?»

«አዝኜልሽ ነው፣ ልጄ።»

«የእርስዎ ሐዘን እየሩን ገዳይ አሰኝቷታል» አሉ እትዬ ፋናዬ።

አናንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ትሕትናውን ጣለው። «ለመንኩት! ልጁ እስኪወለድ ብቻ ብዬ ግንቡ ሥር ተንበርክኬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ሊሰረዝ፣ ሕይወቴ ሊበላሽ...»

«ልጅ አለህ?» አለች ማሂ። ሌላ ምንም አልጠየቀችም።

«አንድ። ስድስት ዓመቱ ነው።»

ማሂ በጣቶቿ ቆጠረች። ከተጋቡ አምስት ዓመታቸው ነው።

እትዬ ፋናዬ በሩን ከፈቱት። ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቁ የነበሩት ሁለት ፖሊሶች አናንያን ይዘው ወጡ። ጋሼ ዳምጤም ማንንም ሳያዩ ተከትለው ወጡ።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለች ማሂ።

«ያነጋገርኩት ዕለት።»

«ታዲያ ለብቻዬ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? በሰው ፊት...»

«የእየሩን ስም ለብቻሽ ነበር ያጠፋሽው?»

ማሂ ልትነሳ ስትሞክር የአንድ እግሯ ማሰሪያ ተፈታ። ልታጎነብስ አለች፤ ሆዷ ከለከላት። የእትዬ ፋናዬ ጉልበት መታጠፍ ካቆመ ሰንብቷል። እየሩ ከበሩ አጠገብ ተነስታ መጣች፤ ያን የውሃ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ከፎቶግራፉ ሥር አስቀመጠችና ተመለሰች።

«እየሩ» አለች ማሂ። በስሟ ስትጠራት የመጀመሪያዋ ነው። እግሯን ትንሽ ወደ ፊት ዘረጋች።

እየሩ ማሰሪያውን አየችው።

«ያሰረልሽ ሰው ገና ፖሊሶቹ መኪና ውስጥ አልገባም» አለቻት፤ «ሳይወስዱት ድረሺበት።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።