ወተቱን ማን አጠጣው?

ጁነይድ ኑርሁሴን ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሲደርስ ትንፋሹ ገና አልተቋረጠም ነበር። ኢንስፔክተር አትጠገብ ተጠርታ ስትመጣ ግን የወጣቱ ፊት በአንሶላ ተሸፍኖ ነበር።

«የእንቅልፍ መድኃኒት ነው የገደለው» አለች ዶክተር ወንጌላዊት። «ቱቦ አስገብተን ሆዱን አጠብነው። እንክብሉ ግን ወደ ደሙ ከገባ ቆይቷል። ከውሃው ጋር የወጣው ወተት ብቻ ነው።»

«ወተት?»

«አዎ። ቀደም ብለው ቢያመጡት ተስፋ ነበረው።»

ኮሪደሩ ላይ ሦስት ሰዎች ይጠብቃሉ። እህቱ ፊርደውስ እዚያው ደሴ ካለው ሰኞ ገበያ ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ ነው የሮጠችው። ኢንስፔክተሯን ስታይ ጣቷን ግድግዳው ጥግ ወደቆመው ጎልማሳ ቀሰረች።

«እሱ ነው! ከሊድ ደላላው! ዛሬ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊወስደው ነበር።»

«ወላሂ አልነካሁትም!» አለ ከሊድ። «መኪናው ሊነሣ ሲል ቀረብኝ። ቤቱ ብሄድ ተኝቷል፤ ብቀሰቅሰው አልነቃ አለኝ። ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ!»

እናቱ መርየም አግዳሚው ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል።

«እርስዎስ ምን አዩ፣ እማማ?»

«ምንም፣ ልጄ። ደክሞት ተኝቷል ብዬ ተውኩት። ከትናንት ጀምሮ ከሻይ በቀር አንዳች አልቀመሰም።»

አትጠገብ ፊርደውስን ለብቻዋ ወሰደቻት። «ቤታችሁ የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስድ አለ?»

«እናቴ። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ አጥታ...» ፊርደውስ ዞራ ኮሪደሩ ላይ ወደተቀመጡት እናቷ ተመለከተች።

ኮምቦልቻ ወርዳ ቤቱን ስትፈትሽ፣ አትጠገብ ከጁነይድ አልጋ ሥር ወተት የደረቀበት ማንኪያ አገኘች። ትራሱም ላይ የወተት እድፍ ነበር።

ተመልሳ ሦስቱንም ሐኪሟ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መጀመሪያ ከሊድን ጠረጠርኩ» አለች። «ግን ደላላ መንገደኛውን አያስተኛም፤ እንዲሄድለት ነው የሚፈልገው። ፊርደውስ ከጠዋት ጀምሮ ገበያ ነበረች፤ የሱቅ ጎረቤቶቿ አይተዋታል። ጁነይድ ከሻይ በቀር አልቀመሰም ተባልኩ፤ ሆዱ ሲታጠብ ግን ወተት ወጣ። ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው ይባላል። በማንኪያ ያጠጣው ሰው መድኃኒቱን መውሰዱን ያውቃል። ሊያድነውም ታግሏል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ መድኃኒቱ የእርስዎ ነው።»



«ሻዩ ውስጥ ጨመርኩለት» አሉ መርየም። «መኪናው እስኪያልፍ እንዲተኛልኝ ብዬ። ታላቅ ወንድሙን ባሕር በልቶብኛል፤ ይኼንንም ልስጥ? ትንፋሹ ሲያጥርብኝ ወተት አጠጣሁት። ሰው መጥራት ፈራሁ።» ቀና ብለው ሐኪሟን አዩ። «ያኔውኑ ባመጣው፣ ሆዱን ስታጥቡት ይተርፍልኝ ነበር?»

ዶክተር ወንጌላዊት ልትመልስ ስትል አትጠገብ ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው፣ እማማ።»

ፊርደውስ ግን መልሱን ከሐኪሟ ፊት ላይ አነበበችው። ከእናቷ ጎን ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ይዛ ጥቂት ቆመች። ከዚያም ተመልሳ መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።