ቆጥሮ የጠረዘው

መጽሐፍ ጠራዡን በሰፈሩ የማያውቀው አልነበረም። ገጹ የተገነጠለ፣ ጀርባው የላላ፣ አይጥ የቀመሰው መጽሐፍ ቅዱስ ያለው ሁሉ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞለት ይመጣል። እሱም ይፈታውና አብረው የታጠፉትን ገጾች በእጥፍ በእጥፍ ይለያል፤ እያንዳንዱን እጥፍ በክር ሰፍቶ፣ አዲስ ቆዳ አልብሶ ይመልሳል። እጁ ወርቅ ነው። ስንት መጽሐፍ ቅዱስ እንደጠረዘ ሲጠየቅ "እሱን ፈጣሪ ይቁጠረው!" እያለ ይስቅ ነበር። ስንቱን እንዳነበበ ግን ከሚስቱ በቀር የጠየቀው የለም።

ሚስቱ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅ ሳለች አባቷ በየጠዋቱ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያነብላት ነበር፤ ሲሞትም ያንኑ መጽሐፍ ቅዱስ ተወላት። ጠራዡ አሮጌውን መጽሐፍ በጥቁር ቆዳ አሳምሮ ጠረዘላትና "ከእንግዲህ በአባትሽ ፈንታ እኔ አነብልሻለሁ" አላት። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። መጽሐፉ ቁም ሣጥን አናት ላይ ወጣ፤ አሥራ አንድ ዓመትም እዚያው ተቀመጠ።

"ዛሬ እንኳ አንድ ገጽ አታነብልኝም?" ትለዋለች ቁርስ ስታቀርብ።

"ማታ።"

ማታ ሲሆን ደግሞ "ወገቤ ተቆርጧል፣ ነገ" ይላል።

"ይሄ ነገ የምትለው ቀን መቼ ነው የሚመጣው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ቀኑን ሙሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይደለም እንዴ የምውለው! ደግሞስ በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደን እንሰማ የለም?"

"አንተ የምትውለው ከቆዳው ጋር ነው። እኔ ደግሞ በሳምንት አንዴ በልቼ ስድስት ቀን ጦሜን ማደር አልቻልኩም።"

ሳቀባት። አፏ ምላጭ ነው እያለ ለደንበኞቹ ሁሉ አወራላቸው። የተራበ ሰው የተናገረው መሆኑን አላስተዋለም፤ ይሄ ነው የሚያናድደው።

ከዚያ ሳንባዋን አመማት። ሐኪሙ ለጠራዡ ለብቻው "የምትወደውን አድርግላት" ብሎ ነገረውና ወደ ቤት መለሳት። አንድ ጠዋት ኮቱን ሊለብስ ሲል እጁን ያዘችው።

"ዛሬ ሥራ አትሂድ። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ብተኛ የምነቃ አይመስለኝም። ፈርቻለሁ። አባቴ ስፈራ የሚያነብልኝን መዝሙር አንብብልኝ፣ የማይተኛውን ጠባቂ።"

ጠራዡ ወንበር ላይ ቆሞ መጽሐፉን አወረደ። አቧራውን በእጅጌው ጠረገና የአልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መዝሙረ ዳዊትን ይገልጥ ጀመር። መቶ ዐሥራ ስምንት። መቶ ዐሥራ ዘጠኝ። ቀጥሎ ያለውን ሲገልጥ የገጹ ቁጥር ወደ ኋላ ተመለሰ። ቅድም ያለፈው እጥፍ እንደገና መጣ፤ እሱ ሲያልቅ ደግሞ ብዙ ገጽ ዘለለ። መዝሙሩ የለም።

የገዛ ክሩን አየና ነገሩ ገባው። ይህን በጠረዘበት ሳምንት የጎረቤታቸው የጡረተኛው መምህር መጽሐፍ ቅዱስም ጠረጴዛው ላይ ተፈትቶ ነበር። ኅትመቱ አንድ ነው። በጥድፊያ አንዱን እጥፍ ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው አቀያይሯል ማለት ነው። ከመስፋቱ በፊት እንደ ልማዱ ቆጥሮ ነበር፤ አርባ ሁለት እና አርባ ሁለት። ልክ ነው ብሎ ሰፋ።

"ምነው ዝም አልክ?"

"እየፈለግኩ ነው።"

በቃሉ ሊልላት ሞከረ። ስንት ጊዜ በስብከት የሰማው መዝሙር ነው! ተራራ የሚል ነገር እንዳለበት ትዝ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ጭልጥ ያለ ባዶ። ጨንቆት ሌላ መዝሙር ገልጦ ማንበብ ጀመረ።

"እሱ አይደለም" አለች። ቀስ ብላም "ተወው፣ ነገ" አለችው።

ምጸት ይሁን ማጽናኛ እስከ ዛሬ አላወቀም። እኩለ ቀን ሳይሆን ዐረፈች፤ እየፈራች ነው ያረፈችው።

በቀብሩ ማግስት ጠራዡ መምህሩ ቤት ሄደ። መምህሩ በቀብሩ ላይ ስለ ቃሉ ጣፋጭነት ሰው እንባ እስኪያፈስ የተናገሩ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስዎን ያሳዩኝ።"

ከመደርደሪያ አውርደው ሰጡት። ገለጠው። የማይተኛው ጠባቂ መዝሙር ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፤ ከሱ በፊት የሚመጣው እጥፍ ደግሞ የለም።

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላዩትም?"

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ... ለንግግር የሚሆነኝን ጥቅስ ነው የምፈልገው" አሉ። "ቁጭ ብዬ ካነበብኩ... ኧረ እኔ እንጃ፣ ልጄ። ማረኝ ጌታዬ!"

ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ ጠራዡ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያን መዝሙር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ አነበበ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ስምንት ቁጥር ብቻ ነበር። ሻይ እስኪበርድ እንኳ አይፈጅም።

ዛሬ ጠራዡ በየጠዋቱ ሙጫውን ከማሞቁ በፊት አንድ ምዕራፍ ያነባል። አንብቦም አይነሳም፤ አንዷን ቃል ይይዝና መርፌውን እያስገባ እያወጣ ውሎውን ሁሉ ያሰላስላታል። ያን መዝሙር አሁን በቃሉ ይለዋል። የምትሰማው ግን የለችም፤ ይህ ቁስል አይድንለትም፣ ይድንልኛል ብሎም አይዋሽም።

ደንበኛ ሲመጣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ እኔም ያንኑ ለእናንተ ልተወው። እናንተ ወገኖቼ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ያስቀመጣችሁት መጽሐፍ ቅዱስ ገጹ ሙሉ ነው? ሙሉ ነው ካላችሁ፣ በምን አወቃችሁ?