የቀኝ እጅ ምርኩዝ

ሽማግሌው ከደረጃው ግርጌ በአፍጢማቸው ተደፍተዋል። የምርኩዛቸው ማሰሪያ በቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ጠልቋል። ጎረቤቱ ገና ከጠዋቱ ፈርዶ፣ ስታስታምማቸው የኖረችውን ሴት ልጃቸውን በጎሪጥ ያያታል። በቀደም ምርር ቢላት «አባዬ አርፎ ባሳረፈኝ» ማለቷን ያልሰማ የለም። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል፤ ያቺ ቃል አሁን ወህኒ ልታስወርዳት ነው።

መርማሪዋ ለወሬ ጆሮ የላትም። ተንበርክካ የሟቹን መዳፎች አገላብጣ አየች። ግራው መጅ አውጥቷል፣ ቀኙ ለስላሳ ነው። አምና የተሰበረው ዳሌያቸው የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ልጅቷ «ቀኙ» አለች፣ እንባዋን እየዋጠች።

በቤቱ የነበሩት ሦስት ናቸው። ልጅቷ ወጥ ቤት ነበርኩ አለች። ሽማግሌውን ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ የሚያራምዳቸው ባሏ መኪና ሲያጥብ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ተኝቼ ነበር አለ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ አባቱን ሊጠይቅ የመጣው ገና ትናንት ነው፤ እሱም ቤቱ ይሸጥ ብሎ ሲጨቃጨቅ አምሽቷል። ሬሳውን የነካ ማንም የለም፣ ሁሉም ማሉ።

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰብስባ ሌላ ምርኩዝ አመጣች።

«ቀኝ ዳሌያችሁን አሟችኋል እንበል። እስቲ ተራመዱ።»

ባልየው በግራ እጁ ያዘ። ሚስቱም በግራ። ወንድምየው በቀኙ ያዘና እያነከሰ ተራመደ።

«በሚያመው በኩል ነዋ የሚደገፉት» አለ።

«ያላየ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል» አለች መርማሪዋ። « በታመመው እግር ስንቆም ገላችን ወደ ጤነኛው ወገን ያዘነብላል። እንዳንወድቅ የዳሌው ጡንቻ ይጎትተናል፤ አጥንቱን የሚጨፈልቀው ያ ጉተታ ነው። ምርኩዙ ከታመመው ዳሌ ርቆ በጤነኛው በኩል ሲያርፍ ግን ጡንቻው ሸክሙ ይቀልለታል። ረጅም እንጨት በትንሽ ጉልበት ድንጋይ ይፈነቅል የለ? የአባታችሁ ግራ መዳፍ መጅ ያወጣው ለዚህ ነው። ደረጃው ላይ ደግሞ ቀኝ እጃቸው የደረጃውን ዳር መደገፊያ ይይዛል። ታዲያ ማሰሪያውን በቀኛቸው ማን አጠለቀው? እነዚህ ሁለቱ ቢሆኑ በግራቸው ባጠለቁት ነበር። እርስዎ ግን አያውቁም። ገፍተው የጣሏቸው ያለ ምርኩዝ ነው፤ አደጋ እንዲመስል ብለው ምርኩዙን ኋላ አመጡት።»

ወንድምየው መሬት መሬቱን አየ። «ልገድለው አልነበረም» አለ።

እህቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ አብረኸው ብትራመድ ኖሮ ታውቅ ነበር።»

ካቴናው ሲመጣ ምርኩዙ አሁንም በቀኝ እጁ ነበር። ፖሊሱ ቀስ ብሎ ተቀበለው።